በእንግዴ ልጁ የተፈረደበት

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ «እንግዲያ የእነሱ ጉድ ነው» ብላችሁ ተገላብጣችሁ ትተኛላችሁ። ወንዝ አለው፣ ገበያ አለው፣ ደጋግ ሰዎች አሉት፤ ከደጋጎቹ የሚበዙ ሹሞችም አሉት። እኔ በዚያ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአድማጭነት አገልግያለሁ።

አድማጭነት ምን ዓይነት ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። በዚያ አገር ማንኛውም ትልቅ ቤት በበሩና በሹሙ ክፍል መካከል አንድ አድማጭ ያስቀምጣል። ባለጉዳይ ብሶቱን ለአድማጩ ይናገራል። አድማጩ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፤ መጻፍም አይፈቀድለትም። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ አድማጩ ሦስት ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። ያን ጊዜ አቤቱታው «ተሰምቷል» ይባልና ሹሙ ሊሰማው አይገደድም። ሕጉ ሰው ሁሉ ይሰማ ይላል እንጂ ማን ይስማው አይልም።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከየቢሮው በሚጣል ወረቀት ላይ ነው። ለሥራው የመረጡኝም ዝም ማለት ስለምችል እንጂ ሌላ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። የሰማሁትን ሁሉ በጸሎቴ ለፈጣሪ አቀብላለሁ። እሱ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ አላውቅም፤ እንግዲህ ገና እየሰማ ነው ማለት ነው።

የተመደብኩት ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት በሚመጡበት ቤት ነበር። ከእናቲቱ እንቁላል፣ ከአባትየው ዘር ተወስዶ በብልቃጥ ውስጥ ይገናኛል፤ ፅንስ ይሆናል። ተካይ የምትባለው ባለሙያ ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ወደ እናቱ ማኅፀን ትመልሰዋለች። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ስንቱ የተዘጋ ቤት በእልልታ ሲከፈት አይቻለሁ።

ወንፊቱ የመጣው በኋላ ነው። አመጣጡም ክፉ አልነበረም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንዲት ሴት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት የደም ሕመም፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቀበረች። ሕመሙ ከእሷና ከባሏ የሚወርድ ነበር። አንድ ብልህ ሰው ተነሣና ፅንሱ ገና በብልቃጥ ሳለ ያንን አንድ ሕመም የሚለይ ምርመራ አበጀ። ሴትየዋ አራተኛዋን ልጅ ደህና ወለደች፤ እኔም ያን ቀን ተንበርክኬ አመስግኛለሁ። ነገር ግን የሚጠቅም ነገር ሲያገኙ ልኩን ማወቅ የዚያ አገር ሹሞች ዕጣ አይደለም። ለአንድ ለታወቀ ሕመም የተበጀውን ምርመራ፣ ምንም ሕመም ላልታወቀባቸው ሁሉ በአዋጅ አዘዙት። ቤቱም ከዚያ ወዲህ የወንፊት ቤት ተባለ፤ አለቃው ደግሞ ሊቀ ወንፊት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንፊተኞቹ ከፅንሱ አምስት ስድስት ሕዋስ ቆንጥረው ያነቡና በወረቀት ላይ አንዲት ቃል ይጽፋሉ፤ «ንጹሕ» ወይም «ድፍርስ»። ንጹሕ የተባለው ወደ ተካይዋ ይሄዳል። ድፍርስ የተባለው በሠላሳኛው ቀን ይሰናበታል። «ይጣላል» ማለት ክልክል ነው። ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ሆኖ የተነበበውም ድፍርስ ይባላል፤ ሊቀ ወንፊቱ «ጥርጣሬ ራሱ እድፍ ነው» የሚል ደንብ አውጥቷልና።

በግንቡ ላይ በትልቁ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ድፍርስ ከተባሉት ፅንሶች እስከ ዛሬ አንድም ጤነኛ ልጅ አልተወለደም።» እውነት ነው። አንድም አልተተከለም። ያንን ጽሑፍ አንብቦ በአድናቆት ራሱን የሚወዘውዝ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ ይህችን ነገር የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም።

በገዛ አልጋው የፀነሰ ሰው ደግሞ ወንፊት አይመለከተውም። የወንፊተኞቹ ልጆች እንኳ በየቤታቸው ተፀንሰው የተወለዱ ናቸው፤ ወረቀት የላቸውም። «እነሱስ?» ቢባል «የቤት ልጅ አይጠየቅም» ነው መልሱ። ዓመት ሙሉ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናች ሴት ግን የልጇን ንጽሕና ታስመሰክራለች። የጠገበው እንዲሁ ይጎርሳል፤ የራበው ከማዕዱ ፊት ቆሞ ጥርሱን ያስቆጥራል።

ነገሩ በዚያም አልቆመ። እናቶች ንጹሕ የሚለውን ወረቀት በመስተዋት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ትምህርት ቤቶች ይጠይቁት ጀመር። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወረቀቱን አይጥ ስለ በላበት ከትምህርት ቤት ሲመለስ አይቻለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ኳሱን በጉልበቱ ያነጥራል፤ እስከ ሃያ ድረስ ሳይጥል ቆጠረ። ልጁ ደህና ነው፤ ደህና ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለውም።

አትጠገብ ወደ ወንፊት ቤት የመጣችው በዚህ ዘመን ነው። ያላየሁትን በኋላ እሷ ራሷ ነግራኛለች።

እህል ነጋዴ ነበረች፤ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በገበያ ጫጫታ መካከል ድምፅዋ የሚለይ። ባሏ ይርዳው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከመሬት በታች ብዙ ስለሚውል ነው መሰለኝ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አያወጣም። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለምነዋል። በመጨረሻ በወንፊት ቤት አምስት ፅንስ ተገኘላቸው። አራቱ በብልቃጥ ሳሉ በራሳቸው ጊዜ ማደጋቸውን አቆሙ። አንዱ ቀረ። ከእንግዲህ ከእሷ ሌላ እንቁላል እንደማይገኝ ተካይዋ እያፈረች ነግራታለች። እንግዲህ ያ አንዱ፣ አለን የሚሉት ነገር ሁሉ ነበር።

ወረቀት የሚሰጠው በመስኮት ነው። መስኮቱ ከወንበሬ አጠገብ ስለ ሆነ ሁሉን ሰማሁ።

«ድፍርስ ይላል» አለች።

«አዎ፣ እመቤት» አለ ጸሐፊው።

«ምኑ ነው ድፍርስ?»

«ፅንሱ።»

«ፅንሱ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ምስር ልገዛ አልመጣሁ! ምን ሆነ? ልቡ ነው? አጥንቱ ነው?»

«ይህ መስኮት ቃሉን ብቻ ነው የሚሰጠው። ትርጉም በሌላ መስኮት ነው።»

«የቱ ነው መስኮቱ?»

«ገና አልተከፈተም።»

ይርዳው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ውሃም ሲወጣ ድፍርስ ነው» አለ። «አድሮ ይጠራል።»

ጸሐፊው ሣቀ። «አባቴ፣ ይህ እኮ ጉድጓድ አይደለም።»

«ጉድጓድ ቢሆን የሚያውቅ ሰው ነበር የሚጠየቀው» አለ ይርዳው። 

ለአቤቱታ ወደ እኔ መሯት። ከፊቴ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መልስ ይሰጣሉ?»

ዝም አልኩ።

«ገባኝ። ጆሮ ነዎት። ይሁን፤ ጆሮስ መቼ ተገኘ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እኔ ንጹሕ ልጅ ስጡኝ አላልኩም። ልጅ ነው ያልኩት። የታመመ ነው ካሉ ታሞ ይምጣ፣ አስታምመዋለሁ። አይኖርም ካሉም በሆዴ ውስጥ ይለፍ፤ እናት እንደ ነበረው አውቆ ይሂድ። ይህ ከማን ላይ ምን ይቀንሳል? እስቲ ይንገሩኝ፤ ከማን ላይ?»

የምትለውን ጨርሳ ራሴን እስክነቀንቅ ጠበቀች። እንደምነቀንቅ እኔም አውቅ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነቅንቄአለሁ። የዚያን ቀን ግን አንገቴ እንደ ግንድ ደረቀ። በማግስቱም አልነቀነቅኩም። በሦስተኛው ቀን ሊቀ ወንፊቱ «ምን ሆኗል?» ብሎ ላከብኝ፤ «አንገቴን አሞኛል» አልኩ። አድማጭ በሦስት ቀን ውስጥ ካልነቀነቀ አቤቱታው ከነአድማጩ ወደ ሹሙ ይቀርባል፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ መዝገቡን አገላብጠው ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

በቀጠሮው ቀን አትጠገብ ምስክር ይዛ መጣች። ምስክሯ እማማ ደብሪቱ የምትባል የሰፈራቸው አዋላጅ ናት፤ ጆሮዋ የከበደ፣ ምላሷ ግን ያልከበደ አሮጊት። ሊቀ ወንፊቱ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ «ጥያቄሽን ባጭሩ» አላት።

«ባጭሩ ይሁን» አለች አትጠገብ። «ከየት ነው የቆነጠራችሁት?»

ሰውየው ደስ አለው። ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ነበር። «ልጁን አንነካም! እኛ ርኅሩኆች ነን። ልጅ የሚሆነው ውስጠኛው ክፍል ነው፤ እሱን አንነካም። የምንቆነጥረው ከውጭው ሽፋን ብቻ ነው፤ ወደፊት እንግዴ ልጅ ከሚሆነው።»

«ምን አለ?» አለች እማማ ደብሪቱ።

«ከእንግዴ ልጁ ነው የቆነጠርነው አለ፣ እማማ።»

«እንግዴ ልጁ ምን ሆነ?»

«ምንም። በእሱ ነው ልጁን የፈረዱበት።»

አሮጊቷ መቋሚያዋን ተደግፋ ተነሣች። «አንተ ልጅ፣ እኔ ከአራት መቶ በላይ እንግዴ ልጅ በእጄ ቀብሬአለሁ። የጠቆረ አይቻለሁ፤ የተጣጠፈ አይቻለሁ፤ እንደ ጠጠር የሚሻክር አይቻለሁ። ልጁ ግን ከጎኑ ሆኖ ሰፈሩን በለቅሶ ያናውጠዋል። እንግዴ ልጅ ይቀበራል እንጂ ለምስክርነት አይጠራም።»

«እማማ፣ ይህ የዕውቀት ቤት ነው።»

«ይሁንልህ። አንተንም የተቀበልኩህ እኔ ነኝ፤ እናትህ ነፍሷን ይማርና ምስክሬ ናት። እትብትህ አንገትህ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደ ወይን ጠጅ ጠቁረህ ነው የመጣኸው። ያን ጊዜ ድፍርስ ብዬ ባሰናብትህ ኖሮ ዛሬ ማን በዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር?»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁን በሳል ለወጠው። ሊቀ ወንፊቱ አሮጊቷ ያለችውን እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቶቹን አስተካከለ።

አትጠገብ ቀጠለች። «እኔ ጤፍ ስገዛ ክንዴን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ አስገባለሁ። ጆንያውን ብቻ ዳብሶ የሚገዛ ሰው በእኛ ገበያ ቂል ይባላል። ጆንያውን ዳብሶ እህሉን የሚያቃጥል ግን እስከ ዛሬ ስላላጋጠመን ስም አልወጣለትም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ። ቁጣው ይሻል እንደ ነበር የገባኝ በኋላ ነው። «እመቤት፣ ይህ ቤት ደግሞ ለማንበብ ፈርቶ አያውቅም። እንግዲያስ ደግመን እንንፋው።»

«መቆንጠሩ አይጎዳውም?»

«ተጎዳሁ ብሎ ያመለከተ ፅንስ እስከ ዛሬ የለም።»

አመነታች። ይርዳውን አየችው፤ እሱ እግሩ ሥር ያለውን ወለል ያያል። እምቢ ብትል ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ፅንሱ ይሰናበታል። እሺ አለች።

በስድስተኛው ቀን ሁለተኛው ወረቀት መጣ። ንጹሕ ይላል። አትጠገብ በመስኮቱ ላይ እልል ስትል ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አብረዋት እልል አሉ፤ የማያውቋት ሴቶች አቀፏት። ይርዳው ግድግዳውን ተደግፎ «ጠራ» አለ፤ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እኔም ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥኩ በልቤ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ አልኩ።

«እመቤት» አለ ጸሐፊው፣ «እልልታው ይቆየን። አሁን ሁለት ወረቀት አለዎት። ተካይዋ በአንድ ወረቀት እንጂ በሁለት አትሠራም።»

«የበፊቱን ቅደደዋ!»

«የቤቱ ወረቀት አይቀደድም። ቤቱ ተሳስቶ አያውቅም።»

«እና ሁለቱም ልክ ናቸው?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ንባብ ያስፈልጋል።»

«እምቢ!» አለች። መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። «ከእንግዲህ አንዲት ነገር እንዳትቆነጥሩ! ሰማህ? ከምኑ ላይ ልትቆነጥሩ ነው? ገና የአሸዋ ፍሬ አያክልም እኮ!»

«ሰምቻለሁ፤ የእኔ መስማት ግን አይቆጠርም። እምቢታ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታ የሚነገረው ለአድማጭ ነው። እዚያ ወንበር ላይ አለ።»

እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ዱካው ላይ አልተቀመጠችም፤ ከፊቴ በጉልበቷ ወደቀች። «ጋሼ፣ እምቢ ብያለሁ። እናቱ እምቢ ብላለች ይበሏቸው። አይቁረጡት፣ አይንኩት፣ እንዳለ ይስጡኝ።»

ብነቀንቅ ተሰምቷል ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ባልነቀንቅ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ከውስጥ ግን ቆንጣሪው ወንፊተኛ እጁን ታጥቦ ጨርሷል፤ ሥራው የሚፈጀው የአንድ ሰዓት ሩብ ነው።

ተነሣሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ በሥራ ሰዓት ሳልጠራ ከዚያ ወንበር ስነሣ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ውስጠኛው በር ሄጄ አንኳኳሁ።

«ሴትየዋ አልፈቀደችም» አልኩ።

ዘበኛው ደነገጠ። «እንዴ! አንተ ትናገራለህ?»

«አልፈቀደችም እልሃለሁ። ክፈት።»

«ቆይ እንጂ። አድማጭ ተናገረ ብዬ ለማን ነው የማመለክተው?» ብሎ ሁለተኛውን ዘበኛ ጠራ። ሁለተኛው የበሩን ሹም ጠራ። የበሩ ሹም የአድማጭ ቃል እንደ ቃል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ከደንቡ ላይ መፈለግ ጀመረ። እኔ «ክፈቱ» እያልኩ በጡጫዬ በሩን እደበድባለሁ፤ ከኋላዬ አትጠገብ ትጮኻለች፤ ይርዳው ትከሻውን ወደ በሩ ሰጥቶ ይገፋል። የበሩ ሹም ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ገጽ ይገልጣል። አንቀጹን ሳያገኘው በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ተካይዋ ወጣች። ማንንም አላየችም፤ ነጭ ካባዋን አውልቃ በክንዷ ይዛ፣ በመካከላችን አልፋ በዋናው በር ሄደች። ወደዚያ ቤት ስትመለስ አላየኋትም።

በአራተኛው ቀን ሦስተኛው ወረቀት ወጣ። አትጠገብ መምጣቱን አልተወችውም ነበር። ተስፋ እንዲህ ነው፤ በዓይን ያዩትን ሳይቀር ያስክዳል።

«ንጹሕ» አለ ጸሐፊው። «እንኳን ደስ ያለዎት! እጅግ ንጹሕ ነው የሚለው፤ እጅግ የሚል ተጽፎ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«ለምን?»

«ለመተከሉ ነዋ!»

ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። «ከንባቡ በኋላ ቀሪ የለም» አለ።

«ቀሪ የለም ማለት?»

«ሁሉም ተነብቧል ማለት ነው፣ እመቤት።»

አልጮኸችም። ጩኸቷ ለካ ፅንሱ እያለ ነበር። ይርዳው ክንዷን ይዞ ከደረጃው ሲያወርዳት ወረቀቱን ጨብጣው ነበር፤ እጇ እንዴት እንደሚፈታ የረሳ ይመስል ነበር።

እኔን በዚያው ሳምንት አሰናበቱኝ። ለእኔም ይህንኑ ቃል ተጠቀሙ።

በዚያ አገር በየዓመቱ የንጹሓን ቀን የሚባል በዓል ይከበራል። ከወንፊት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ የጣውላ መድረክ ይሠራል። አዋጅ ነጋሪው በዚያ ዓመት ንጹሕ ወረቀት ያገኙትን እናቶች በስም ይጠራል። የተጠራችው ልጇን ታቅፋ ወይም እርግዝናዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ትወርዳለች። አንዷ ሳትወርድ የሌላዋ ስም አይጠራም፤ የአንዷ እልልታ ከሌላዋ እንዳይቀላቀል ተብሎ የወጣ ሥርዓት ነው። የአትጠገብም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ወረቀቷ ንጹሕ ነዋ። እንዲያውም «እጅግ» የሚል ስላለበት ሊቀ ወንፊቱ በንግግሩ መካከል የዓመቱ ታላቅ ውጤት ብሎ ጠቅሶታል።

ይርዳው አትሂጂ ብሏት ነበር። «ጠርተውኛል» ብላ የክት ልብሷን ለበሰች።

እኔ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። ስሟ ሲጠራ መንገድ ለቀቁላት። መድረኩ ላይ ወጥታ በመካከል ቆመች፤ ሁለት ባዶ እጆቿ በጎኖቿ ወርደው። እልልታው ከአንድ ሁለት ቦታ ተነሣና ወዲያው ተቆረጠ። አዋጅ ነጋሪው ግራ ገባው፤ ወደ ዝርዝሩ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«እመቤት፣ ልጅዎ የት አለ?»

«ወረቀቱን ጠይቀው» አለች፤ የገበያ ድምፅዋ እስከ ሜዳው ጫፍ ተሰማ። «ስለ እሱ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው ወረቀቱ ነው ተብያለሁ።»

«ይውረዱ እንግዲህ። ሌላ ስም አለ።»

«ይኑር። እኔ የተጠራሁት ከነልጄ ነው። ልጄን አምጡና አብረን እንወርዳለን።»

ሊቀ ወንፊቱ ሙዚቃ ይመታ አለ። ተመታ። አንድ ዘፈን አለቀ፤ ሌላው አለቀ፤ አልወረደችም። ጎትተው እንዳያወርዷት፣ ንጹሕ ወረቀት ያላትን እናት በንጹሓን ቀን የሚነካ ይቀጣል የሚል አዋጅ አለ፤ ያወጣው ራሱ ሊቀ ወንፊቱ ነው። ከታች ተራ የሚጠብቁት እናቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ። «ምን አደረግናት? የእኛን ደስታ ለምን ትይዝብናለች?» አለች አንዷ። ከጎኗ የነበረችው ልጅ ያዘለች ሴት «ዝም በይ» አለቻት፤ «የእኔም ሁለት ጊዜ ነው የተቆነጠረው።» ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ አልሰማሁም። ቀስ በቀስ ልጆቻቸውን እያዘሉ፣ እያስከተሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። በዚያ ዓመት አርባ ሦስት ስም ሳይጠራ ቀረ። ልጆቹ ግን ምንም አልጎደለባቸውም። ሜዳውን አቋርጠው ሲሯሯጡ እናቶቻቸው ከኋላ ሆነው በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አናጢዎቹ መድረኩን ሊፈቱ መጡ። በስተግራ ጀመሩ፣ በስተቀኝ ጀመሩ፤ ጣውላውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ዙሪያዋን ጨረሱ። ይርዳው ከታች ቆሞ እጁን ዘርግቶላታል፤ አንድ ጊዜም አላጠፈውም። የአናጢዎቹ አለቃ መዶሻውን ከጀርባው ደብቆ ቀረባት።

«እትዬ» አላት፣ «የቀረችን ይህች የቆሙባት አንዷ ጣውላ ብቻ ናት።»

አየችው። ከጧት ጀምሮ ሰውን በደህና ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እኔም የቀረኝ አንድ ነበር» አለችው።